ኩበቱን ከግድግዳው አንሱት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የሚያመጣልኝ አዲስ አበባ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ ይደርሰኛል፤ ለእኔ ግን ሁሌም ትኩስ ነው። የሰደድ እሳት ዜና ስታወጡ ሳላነብ አላልፍም። ስንት ሄክታር እንደነደደ፣ በስንት ቀን እንደጠፋ፣ ማን ማን እንደተረባረበ ትጽፋላችሁ። መጨረሻ ላይ «መኖሪያ ቤቶችም ወድመዋል» ትሉና ትዘጉታላችሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ስለመጨረሻዋ መስመር ነው።

ሥራዬ አናጢነት ነው። የምኖረው ጣርማበር ወረዳ፣ ከደብረ ሲና ከፍ ብሎ ነው። 30 ዓመት ጣራ ላይ አሳልፌያለሁ ማለት ይቻላል። ሳር ክዳን አፍርሼ ቆርቆሮ ያለበስኩት ቤት ስንት እንደሆነ ቆጥሬው አላውቅም። ከእነዚያ አንዱ ባለፈው መጋቢት ተቃጠለ። የታናሽ እህቴ ቤት ነው። እኔው በእጄ የሠራሁት፣ 32 ጌጅ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከተሠራ ገና አምስት ዓመቱ። ገንዘቡን የላከው ካሊፎርኒያ የሚኖረው የበኩር ልጇ ነበር።

አገሩን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ላይ ጣርማበር ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈህ መውረድ ስትጀምር ከእግርህ በታች ገደል ነው፤ ታች ወደ ሸዋ ሮቢት በኩል ቆላው ይታይሃል። በአንድ ወገን የወፍ ዋሻ ደን አለ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ከፍ ሲል ደግሞ አስታ። ቤቶቻችን ተዳፋቱ ላይ እንደ ፍየል ተንጠልጥለዋል። እሳት ደግሞ ዳገት ይወዳል። ነበልባሉ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ፊቱ ያለውን ሳር ገና ሳይደርስበት ያደርቀዋል። የባለሙያዎች ስሌት አለ፤ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱም ከቆላው ወደ ደጋው ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከታች የተነሳ እሳት ወደ እኛ የሚመጣው በእግሩ አይደለም፣ በፈረስ ነው።

ያን ቀን በልጉ ገና ጠብ አላለም ነበር። ሳሩ እግር ሲነካው ቀጭ እያለ ይሰበራል። ስምንት ሰዓት ላይ ከታች ጭስ ታየ። ማር ቆራጭ ነው ያሉ አሉ፣ ከሰል አክሳይ ነው ያሉ አሉ፣ ማሳ ሲያቃጥል ያመለጠው ነው ያሉም አሉ። እስካሁን አልታወቀም። ደወል ተደወለ፤ እግር ያለው ሁሉ ወረደ። በቅጠል መታን፣ አፈር በተንን። የእሳት አደጋ መኪናን ነገር አትጠይቁኝ፤ አስፋልቱ ላይ ቢደርስስ በየት በኩል ነው ወደ እኛ የሚመጣው? አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እሳቱ የታረሰ መሬትና ድንጋያማ ሸለቆ ሲገጥመው ቆመ። ከእህቴ ቤት 200 እርምጃ ያህል ቀርቶት ነበር። ተመስገን ብለን ተቀመጥን። ጠላ መጣ። የያዝኩትን ሳልጨርስ ከላይ እሪታ ሰማን።

ቀና ስንል ቤቱ ይጨሳል። ሮጠን እስክንደርስ ጣራው ወደ ውስጥ ገብቷል።

እስቲ ይህን አስቡት። እሳቱ ታች ቆሟል። በእሳቱና በቤቱ መካከል ያለው ሳር እንዳለ ነው፣ አልነደደም። ከቤቱ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ አልጠወለገም። ቤቱ ብቻውን አመድ ሆነ። ሰው ምን ይላል? «እጅ አለበት» ነዋ። ከእህቴ ባል ጋር በድንበር የተካሰሰ ጎረቤት አለ፤ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ዞረ። ያን ሰሞን ከብቱን ሊያጠጣ ምንጭ ሲወርድ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው አጣ። ማታውኑ ዱላ ያነሳ ጎረምሳም ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ ነው ያበረደው።

በነጋታው ብቻዬን ሄድኩ። የሠራሁትን ቤት አጥንቱን አውቀዋለሁ።

ከኋላ ግድግዳው ሥር እህቴ ለክረምት ያለችው ኩበት ተደርድሮ ነበር። አሁን ቦታው ላይ ነጭና ልስልስ አመድ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ኩበት እንደምታውቁት ቦግ ብሎ አይነድም፤ ውስጥ ለውስጥ ሲብሰለሰል ይቆያል። ከኩበቱ በላይ ያለው ምርጊት እንደ ጀበና ተተኩሶ ቀልቶ ረግፏል። በረገፈበት በኩል ማገሩ ተበልቷል፣ ቋሚው ከስሏል። አንዱ መግቢያ ይኸው።

ሁለተኛው በፊት ለፊት በኩል፣ ክፈፉ ሥር ነው። ቆርቆሮ ሞገድ አለው። ሞገዱ ግድግዳው አናት ላይ ሲያርፍ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በተርታ ይተዋል። ድንቢጥ እዚያ ትገባና ደረቅ ሳርና ላባ ታጭቅበታለች። ግማሹ የፊት ግድግዳ አልወደቀም ነበር፤ መሰላል አስደግፌ ወጣሁና የተረፈውን የወራጅ ጫፍ በጣቴ ነካሁት። የከሰለው በላይኛው ጎኑ ነው። ከሥሩ እንጨቱ ገና ነጭ ነው፣ የመጥረቢያዬ ምልክት ሳይቀር ይታያል። ክብሪት የያዘ ሰው ክፈፍ ውስጥ ገብቶ ከላይ ወደ ታች አይለኩስም። የገባው ፍም ነው። ነፋስ ያመጣው ፍም።

ያን ቀዳዳ የተውኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እህቴ ያኔ «ይህ አይደፈንም እንዴ?» ብላኛለች። በጭድና በጭቃ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እኔ ግን የሌላ ሰው ቤት ተቀብዬ ነበር፤ «ለዓመት በዓል ስትመርጉ ትደፍኑታላችሁ» ብዬ መሰላሌን ተሸክሜ ሄድኩ። አምስት ዓመት አለፈ። ቆርቆሮ አይነድም የሚለው ወሬ እኔንም አታሎኛል። ቆርቆሮው አይነድም፤ እውነት ነው። ከሥሩ ያለው ግን እንጨት ነው።

ፍሙ ከየት መጣ? ከባሕር ዛፉ ይመስለኛል። ነጭ ባሕር ዛፍ እንደ እባብ ቆዳውን ይቀይራል። ልጣጩ እየተጠቀለለ ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እሳት ሲያገኘው ጫፉ እየጋየ ይነሳና ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ቅጠሉም ዘይት አለው። ፖርቱጋል ውስጥ ሰፊ መሬት የያዘው የእኛው ዓይነት ባሕር ዛፍ ነው። በፈረንጆች 2017 ፔድሮጋው ግራንዴ በሚባል አካባቢ የተነሳ ሰደድ 66 ሰው ፈጅቷል። ዛፉን ቁረጡ ልል አይደለም። የእኔ ወራጅ እሱ ነው። ለገበሬው ደግሞ ባንኩ ነው፤ የልጅ ደብተር፣ ሠርግ፣ ማዳበሪያ ሁሉ የሚወጣው ከእሱ ነው። ግን ከመኝታ ቤት ግድግዳ ሦስት እርምጃ ላይ ምን ይሠራል?

የእህቴ ልጅ ወሬውን ሲሰማ ደወለልኝ። አለቀሰ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ምን ነበር?» አለ። ማን ለኮሰው አላለም። እሱ ባለበት አገር ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሰደድ በተጋለጠ ቦታ ቤት ያለው ሰው በቤቱ ዙሪያ እስከ 30 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር እንዲያሳሳ ሕግ ያስገድደዋል። እኔ ሳቅሁ። እኛ 30 ሜትር ከሄድን ጎረቤት ጓዳ ውስጥ ነን።

ቀጥሎ የነገረኝ ግን አላሳቀኝም። ጃክ ኮኸን የሚባል የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪ ነበር። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር የእንጨት ግድግዳ እየሠሩ ጫካ ዳር አቆሙ። አንዱን ከጫካው 10 ሜትር፣ ሌላውን 20፣ ሌላውን 30 ሜትር አራቁት። ከዚያ ጫካውን ለኮሱት፤ ከሥር እስከ ጫፍ የሚነድ እሳት ነው። 10 ሜትር ላይ ያለው አንዳንዴ ነደደ፣ አንዳንዴ ሳይነድ ቀረ። 30 ሜትር ላይ ያለው ግን አልጠቆረም እንኳ። እንጨት ነው እኮ! ያ ሁሉ ነበልባል በወላፈኑ ብቻ ቤት ለማቃጠል በጣም መቅረብ አለበት ማለት ነው። ብዙውን ቤት የሚበላው ቀድሞ የሚበረው ፍም ነው። ፍም ደግሞ ለብቻው አቅም የለውም። የሚያርፍበት ይፈልጋል። ኩበት፣ ጭድ፣ የወፍ ጎጆ።

ፎቶም ላከልኝ። በፈረንጆች 2018 ፓራዳይዝ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ተቃጥላ 85 ሰው ሞቷል፤ ከ18 ሺህ በላይ ሕንፃ ወድሟል። ፎቶው ላይ ከቤቱ የቀረው መሠረቱ ብቻ ነው፤ አጠገቡ ያለው ዛፍ ግን ቅጠሉ አለ። ልክ የእህቴ ባሕር ዛፍ። ስልኬን ይዤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ፤ የወራጁንም ጫፍ ቆርጬ አመጣሁላቸው። ያ የተጠረጠረው ሰው ስልኩን ተቀብሎኝ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ «ይህን ወረቀት ላይ አውጡልኝ» አለ። ደብረ ሲና ወርጄ አሳተምኩለት። አሁን ቤቱ ግድግዳ ላይ ከሥዕለ ማርያም ዝቅ ብሎ ተለጥፏል።

ሌላም ፎቶ አለ። ሃዋይ ውስጥ ላሃይና የምትባል ከተማ፣ በፈረንጆች 2023 ነሐሴ ላይ ነዳለች። መሐል ላይ አንዲት ቀይ ጣራ ያላት ቤት ነጭ ግድግዳዋ ሳይነካ ቆማለች፤ ዙሪያዋ አመድ ነው። ባለቤቶቿ ቀደም ብለው ጣራውን በብረት ቀይረውት ነበር። ከግድግዳው የተጠጋውን ተክል አንስተው በምትኩ የወንዝ ድንጋይ አነጠፉ። ለእሳት ብለውም አልነበረም። ድንጋይ! እኛ አገር ድንጋይ ጠፍቶ ነው?

እኛም መንደር ላሃይና አለች። ከእህቴ ቤት በ40 እርምጃ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ቤታቸው ጭቃ፣ ቆርቆሮው ዝገት የበላው ነው። ከብት የላቸውም፤ ስለዚህ ክምርም ኩበትም የላቸውም። ደጃቸውን በየጠዋቱ ይጠርጋሉ፤ በአዛባ የተለቀለቀው መሬት እንደ አውድማ ያበራል። ያን ቀን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው እቤት ቀሩ። ፍሙ ሲዘንብ የተነከረ ጆንያ ይዘው ቤቱን እየዞሩ ሲያጠፉ ነበር። ጆንያ ነው ያልኩት፤ የማዳበሪያ ከረጢት ይቀልጥና እጅ ላይ ይጣበቃል። የጨረሱት ውሃ አንድ ጀሪካን አይሞላም። «ድህነቴ አተረፈኝ» ይላሉ አሁን። እህቴ ባለችበት ሲሉት ግን ደስ አይለኝም።

እሳቸውን አይቶ ሁሉም እቤቱ ይቅር እንዳይል ግን እሰጋለሁ። እሳቱ ሸለቆው ላይ ባይቆም ኖሮ እትዬን የሚያወጣ አንድ ሰው አልነበረም። ነበልባሉ ራሱ የሚመጣ ከሆነ ሕፃን፣ ሽማግሌና ከብት አስቀድሞ ይውጣ። ወደ ታረሰ መሬት፣ ወደ ጎን። ወደ ዳገቱ የሚሮጥ እሳት ይቀድመዋል። እኔን የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እሳቱ ቆመ ብለን ጠላ ላይ ስንቀመጥ ከእኛ አንድ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ቤቶቹን ቢዞር ኖሮ! ፍም ኩበት ውስጥ ለሰዓታት አድፍጦ ይቆያል። ያን ቤት አንድ ኩባያ ውሃ ያድነው ነበር።

አሁን ይህን የምጽፈው በታኅሣሥ ነው። እህሉ ተወቅቷል፤ በየደጁ ጭድ እየተከመረ ነው። ክምር ከቤት አርቁ ማለት ቀላል ነው። ከራቀ የሰው ከብት ይበላዋል፣ ሌባም አለ፣ ሌሊት ለላም ለመስጠትም ርቀቱ ይከብዳል። ገበሬ ነው የአባቴ ወገን፣ ይገባኛል። ቢያንስ ከቤቱ በታች በኩል አይሁን፤ ክምር ከሥር ከነደደ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቤቱ ላይ ነው። በጎን በኩል፣ አውድማው ዳር ይሁን። አውድማ ራሱ ራቁቱን የተለቀለቀ መሬት ስለሆነ እሳት አያሻግርም። ኩበቱ፣ ማገዶውና ለምጣድ የሚለቀመው የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ምንም ሰበብ የለውም፤ ከግድግዳው ይነሳ። ግድግዳውን ተከትሎ ሁለት እርምጃ ያህል ወርዱ ባዶ መሬት ወይም ድንጋይ ይሁን። አጥሩም የደረቀ እሾህ ከሆነ ቤቱን እንዳይነካ፤ ቁልቋልና ሬት ቢሆን ይሻላል፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ነው።

የክፈፉን ሞገድ በጭቃ ድፈኑት። አየር የሚገባበት ቀዳዳ የግድ ካስፈለገ ሽቦ ወንፊት ምቱበት። የወንፊቱ ዓይን 3 ሚሊ ሜትር አይለፍ ይላሉ። በእኛ ቋንቋ ጤፍ ቢያልፍ ግድ የለም፣ ስንዴ ግን አይለፍ። ምርጊቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ ከጥምቀት በፊት ይመረግ።

ለሳር ቤት ምን እንደምል ግን ይጨንቀኛል። እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ያደገችው በድንጋይ ግድግዳና በጓሳ ክዳን ቤት ነው፤ እንደዚያ ያለ ሙቀት የትም አላገኘሁም ትላለች። ጓሳ ሣር ላይ ፍም ካረፈ ግን ሰውና ከብት ይውጣ ከማለት ሌላ ምክር የለኝም። ከመንዝ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። የጓሳውን ምድር በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም በጥንቱ የጋራ ጥበቃ ደንብ፣ ለዘመናት ጠብቀውታል፤ መቼ ይከፈታል፣ መቼ ይዘጋል፣ ማን ያጭዳል ሁሉ ደንብ ነበረው። የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ቤትም እንደዚያው ነው፤ እኔ ጠርጌ ጎረቤቴ ጭዱን አጥሬ ላይ ካስደገፈ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ለእድራችን አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። እድሩ ድንኳን አለው፣ ትልልቅ ብረት ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው። አካፋና ጆንያ የለውም። ሁለተኛው ስለ ቀን ነው። ኅዳር 12 ኅዳር ሲታጠን ሁሉም ደጁን ይጠርጋል፤ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ለእሳት ቀኑ አይደለም። ከዚያ በኋላ ነው ጭዱ የሚመጣው። ሌላ አንድ ቀን በጥር መጀመሪያ ይቆረጥ አልኩ፤ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ የሚጠርግበት፣ ያልጠረገም እንደ ቀብር ቀሪ የሚቀጣበት። ቅጣቱ ላይ ክርክር ተነስቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። አንዱ ተነስቶ «ቤተ ክርስቲያኑንስ ማን ጠረገው?» ብሎ ሊያሳጣኝ ሞከረ። ጥያቄው ግን ጠቀመኝ። ሄዶ ይየው! ዙሪያውን የድንጋይ ቅጥር አለ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ዛፍ፣ ከዛፉ ውስጥ ሰው ሲመላለስበት የተላጨ ባዶ ግቢ፣ መሐል ላይ ቤተ መቅደሱ። ያን ቀን ሳሩ እስከ ቅጥሩ ነዶ እዚያው ቆሟል።

አንድ ጥያቄ ለእናንተም አለኝ። የሰደድ ዜና የምታወጡት እሳቱ ከተነሳ በኋላ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። ይህችን ደብዳቤ የምታወጧት ከሆነ አሁን፣ ክምሩ ገና ሳያልቅ አውጧት።

የእህቴ ቤት እየተሠራ ነው። ልጁ ገንዘብ ልኳል፤ በዚህኛው ግን «ጋሼ፣ የክፈፉን ፎቶ ካላየሁ የመጨረሻውን ክፍያ አልልክም» ብሎኛል። ተናድጄበት ነበር፤ ልክ ነው። ለግድግዳው ዙሪያ የሚሆነውን ድንጋይ ያ የድንበሩ ጎረቤት ከማሳው እየለቀመ በአህያ እያመጣ ነው። ኩበቱ ከወይራው ሥር ሄዷል፤ እህቴ ራቀብኝ እያለች ታማርራለች። ጭቃው ከዓርብ ጀምሮ እየቦካ ነው፣ ሰኞ ሞገዱን እደፍናለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አናጢው
ከጣርማበር ወረዳ፣ ሰሜን ሸዋ